ነፋሱን ማን ያዘልሽ?

ከአሰላ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ነፋሱ ለጉድ ነበር። ታላቅ እህቴ አስካለ ሻንጣዬን ተሸክማ ከፊት ትሄዳለች፤ እኔ እንደ ልማዴ ከጀርባዋ ተለጥፌያለሁ።

ስንሮጥም እንዲሁ ነበርን። እሷ ከፊት ሆና ነፋሱን በደረቷ ትቀበላለች፤ እኔ እግሯ የተነሳበት ላይ እግሬን አሳርፋለሁ። በክለባችን ብቻውን የሚሮጥ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ውድድር ላይ መጨረሻው ሲቃረብ ብቅ ብዬ እቀድማታለሁ። ሰው የእኔን አጨራረስ ያደንቃል እንጂ የሷን ልፋት ማን አየላት? አሜሪካ፣ ኦክላንድ ያለ የሩጫ ክለብም አሸናፊዋን፣ እኔን ብቻ ጠራ።

ኦክላንድ የተቀበሉኝ ጋሽ ተፈራ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ቤታቸው አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ብቻዬን ብሮጥ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አንዲት ረጅም ፈረንጅ ስትሮጥ አየሁና ደስ ብሎኝ ከኋላዋ ገባሁ። ብትፈጥን ፈጠንኩ። ብትጮህ ግራ ገባኝ። ፖሊስ መጣ፤ ጋሽ ተፈራም ተጠርተው መጡና ያስተረጉሙልኝ ጀመር።

«ለምን ተከተልሻት ነው የሚልሽ።»

«ነፋሱን እንድትይዝልኝ ነዋ!»

«በይ እንግዲህ፣ ይሄን እንዴት ብዬ ትራንስሌት ላድርገው? ልጄ፣ እዚህ አገር ለሰው ስፔስ ይሰጣል፤ እንዲህ አይጠጉትም።»

እስከ ቤት ድረስ ሳቅን። ክፍሌ ስገባ ግን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

በኋላ አሰልጣኙ፣ ሳን ሆዜ ከተማ በሚደረገው ውድድር ካሸነፍኩ አስካለንም እንደሚጠራት ቃል ገባልኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላማረኝም።

የውድድሩ ቀን ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። አንዷ ከፊት ትወጣለች ብዬ ብጠብቅ ሁሉም እርስ በርስ ይተያያሉ። ጨነቀኝ። ዓይኔን አስፋልቱ ላይ ተከልኩና የአስካለን ተረከዝ እያሰብኩ እግሯ ያርፍበት በነበረው ቦታ እግሬን አሳረፍኩ። ቀና ስል ከጎኔም ከኋላዬም ሰው የለም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም።

አስካለ በቀጠሯችን አሰላ ቴሌ ቢሮ ጠብቃኝ ደወልኩላት።

«እታለሜ፣ አሸነፍኩ! ልትመጪ ነው!»

«እሰይ! ነፋሱን ማን ያዘልሽ?»

«ማንም! ብቻዬን ነው የወጣሁት» አልኳት እየተኩራራሁ።

«እኔ እኮ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሩጫውን ተውኩት» አለች። «ከኋላዬ ኮቴ ካልሰማሁ እግሬ እምቢ ይለኛል። አንቺ ግን ለብቻሽም ቻልሽበት። ታዲያ መጥቼ ምን ልሠራልሽ ነው?»

የተረከዟን ነገር ነገርኳት፤ ማልኩላት። «አንቺ ደግሞ፣ ማባበል መቼ ያቅትሻል» ብላ ሳቀች። አላመነችኝም።

ክለቡ ጠራት፤ አልመጣችም።

ዛሬም ሐይቁ ዳር ነፋስ ሲነሳ ዓይኔ ወደ መሬት፣ ወደ አስካለ ተረከዝ ይወርዳል። የግራ እግሯ ትንሽ ወደ ውጭ ይላል።