የሚስስ ኖራ ሰባት ቤት

እትዬ ሸዋረጋ ሰው ዘሩን ተጠይቆ ሲንተባተብ ማየት አትወድም። ከሞጣ ይዛው የወጣችው ሻንጣ ካርቱም ላይ ጠፍቶባት፣ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ስትገባ የቀራት ንብረት አፏ ላይ ያለው የሰባት ቤት ቆጠራ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ማንም አይሰርቃትም።

በፈረንጆቹ 1986 ኢስትሙር በሚባል ሰፈር ተከራይታ እየኖረች፣ በየማለዳው በአውቶቡስ ቤክስሊ ወደሚባለው ሰፈር ሄዳ ሚስስ ኖራ ዶኖሁ የሚባሉ የሰማንያ ዓመት ባልቴት ትንከባከብ ነበር። ታበስላለች፣ መድኃኒታቸውን ታስውጣለች፣ ሲያስፈልግም ትጨቃጨቃቸዋለች።

ሚስስ ኖራ፣ አያታቸው ማይክል ከአየርላንድ ሲሰደድ ጥሎት የመጣውን መንደር ሳያዩ መሞት አልፈለጉም። ቲኬቱ ለግንቦት ተቆርጧል፤ መንደሩ ግን የት እንደሆነ አይታወቅም። የቤተሰቡን ወረቀት የ1913ቱ ጎርፍ ጠራርጎ ወስዶታል። የተረፈው የአባታቸው የክርስትና መዝገብ ፎቶ ኮፒ ነው፤ እሱም ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ እንጂ ከየት እንደመጡ አይናገርም። እስከ ፋሲካ ካልተገኘ ጉዞውን ካንስል አደርጋለሁ፣ በዚህ ወገቤ አየርላንድን ሙሉ አልዞርም ብለው ቆርጠዋል።

አንድ ቀን ሸዋረጋ ምሳ እያቀረበች ስንት ቤት እንደሚቆጥሩ ጠየቀቻቸው። አባቴ ቶማስ፣ አያቴ ማይክል አሉና ቆሙ። ሸዋረጋ ክው አለች። በሰማንያ ዓመት ሁለት ስም! የራሷን ሰባቱንም በጣቷ እያጠፈች አንበለበለችው። አሮጊቷ ቀኑባት።

ከዚያ የክርስትና መዝገቡን ኮፒ ተቀብላ አየችው። ከግርጌው ብሪጅት ሊሂ የሚል ስም አለ። ይቺ ደግሞ ማን ናት ብትል፣ ሚስስ ኖራ፣ የአባቴ የክርስትና እናት ናት፣ ዘመድ አይደለችም፣ ምናችንም አይደለችም ብለው እጃቸውን ወዘወዙ። ሸዋረጋ ለወንድ ልጅ የክርስትና እናት መያዛቸው ቢገርማትም፣ ያበሸቃት ሌላው ነው። አበልጅ እንዴት ምንም አይደለችም ይባላል? እሷ ሴት ልጇን ሉሉን ክርስትና ስታስነሳ፣ ከተማው ውስጥ ስንት ደግ ሴት እያለ፣ የሞጣ ሰው ካልሆነ ብላ አገር ምድሩን በስልክ አስጨንቃ ነው ግሮቭ ሲቲ መጋዘን የምትሠራዋን ማዘንጊያን ያገኘቻት። ዘመድ በሌለበት አገር ሰው ልጁን የሚያስታቅፈው ለአገሩ ልጅ ነው።

“ሚስስ ኖራ፣” አለች፣ “አያትዎን ይተዉና ብሪጅትን ይፈልጉ።”

ብሪጅት የተቀበረችው እዚያው ኮለምበስ፣ የካቶሊኮቹ መቃብር ውስጥ መሆኑን አባታቸው ክርስትና የተነሡበት ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ በስልክ ነገረቻቸው። ቅዳሜ ማዘንጊያ መኪናዋን ይዛ መጣች፤ የሰው አበልጅ ፍለጋ ጋዝ ጨረስኩ እያለች መንገዱን ሙሉ አሳቀቻቸው። ሦስቱም ሴቶች ረድፍ ተከፋፍለው ሲፈልጉ ረፈደ። በመጨረሻ ማዘንጊያ አንድ ሙሽሙሽ ያለ ድንጋይ አግኝታ፣ በውኃ እያራሰች በመሐረቧ ፈተገችው። ከብሪጅት ስም ሥር “በአየርላንድ የክሌር አውራጃ፣ የኪልቫራ ደብር ተወላጅ” ይላል። ሚስስ ኖራ ምርኩዛቸውን ጥለው ድንጋዩን አቀፉት። ሸዋረጋም አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

በማግስቱ ለኪልቫራ ቄስ ደብዳቤ ተጻፈ። ፋሲካ ሳይደርስ መልስ መጣ፦ ማይክል ዶኖሁ የተጠመቀው እዚያው ደብር ነው፤ የአባቱም ስም ተጽፏል።

ግንቦት ላይ፣ ሸዋረጋ ቤክስሊ የሚስስ ኖራን አበቦች ውኃ እያጠጣች ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሚስስ ኖራ ናቸው፤ ደህና ነኝም ሳይሉ መቁጠር ጀመሩ። ቶማስ፣ ማይክል፣ ከመዝገቡ ጆን፣ ከመቃብር ድንጋይ ዳንኤል፣ ከአንድ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ አፍ ደግሞ ፓትሪክ። ሸዋረጋ አብራቸው ጣቷን እያጠፈች አምስት ደረሰች።

“ሁለት ይቀሩኛል፣” አሉ ሚስስ ኖራ። “ሰባት ሳልሞላ ፊትሽ አልቀርብም። የመመለሻዬን ቀን አስለውጭልኝ።”