ያልተባረከችው ዲሊያ

በዚያ ዓመት ወተት ማስረከቢያው ሰልፍ ላይ ዲሊያ ማንጋን ፕሮቴስታንት ሆነች ተባለ። ሁሉ ካቶሊክ በሆነበት በእኛ በአየርላንድ ምዕራብ ዳር ይህን ማለት ላሟ መብረር ጀመረች ከማለት አይተናነስም። ወሬው ግን መነሻ ነበረው። ሕፃኗ እንደ አገራችን ደንብ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ክርስትና ተነሥቷል፤ እናቱ ግን እንደ ሌሎቹ አራሶች በሁለት ሳምንቷ ሻማዋን ይዛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተንበርክካ አልተባረከችም። ያልተባረከች አራስ ጎረቤት አትሄድም፣ ከምንጭ አትቀዳም፣ እጇ የነካውን ዳቦም ሰው አይበላውም።

ወሬው ውሸት ነው። ዲሊያ መቁጠሪያዋን ከእኔ አብልጣ ትደግማለች። ደክሟት ነበር፣ ሌላ ነገር የለም። ለወንድሞቿ ስትጋግር አድጋ ለባርትሊ ተዳረች፤ ባርትሊንና እናቱን አንድ ላይ አገባች ብንል ይቀላል። ከዚያ ልጅ በልጅ ላይ ሆነ። ስድስተኛው ሲወለድ አማቷ እትዬ ሃኖራ እንደ ልማዷ፣ "እስክትባረኪ ሊጥ እንዳትነኪ" ብላ አዘዘች።

"እሺ" አለች ዲሊያ። አማቷን እንዲህ ፈጥና እሺ ብላት አታውቅም።

የሃኖራ ጣቶች በቁርጥማት ተጣመዋል፤ ስለዚህ ሊጡ ለባርትሊ ደረሰው። የመጀመሪያ ዳቦው ለበር ማስደገፊያ ይበቃ ነበር። ዲሊያ አልጋዋ ላይ ሆና ታርመዋለች።

"አሬራ ጨምርበት። ደግሞ አትጭመቀው፣ ላም አይደለም።"

"ሰው ቢያየኝስ?"

"በሩን ዝጋዋ።"

"አንቺ ሴት፣ መቼ ነው የምትባረኪው?"

"ወገቤ ሲሻለው።"

ቢቸግራት ሃኖራ ቄሱን አባ ኩዊላንን አስጠራች። ሲገቡ ባርትሊ ዱቄታም እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሻይ ቀረበላቸው፤ ዳቦውን ቅቤ ቀብተው ደጋገሙ።

"ጥሩ ዳቦ ነው። የማን እጅ ነው?"

ሃኖራ ጣሪያውን አየች። "የቤቱ ነው፣ አባ።"

ቄሱ ወደ አራሷ ዞሩ። "ዲሊያ ልጄ፣ እሁድ ትመጫለሽ፤ ነገሩ ይብቃ። እመቤታችን እንኳ ንጽሕት ሆና ሳለ ሕጉን አክብራ፣ አርባ ቀኗን ጠብቃ ቤተ መቅደስ ሄዳለች። አንቺ ማን ነሽና ነው?"

ዲሊያ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

"እውነትዎን ነው፣ አባ። እሷ አርባ ከጠበቀች እኔ ማን ነኝና እቀድማታለሁ? አርባዬን ጠብቄ እመጣለሁ።"

ቄሱ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዳቦ ሞልቶታል። ይሄኔ ከምድጃው የማረር ሽታ መጣ። ባርትሊ እጁን መደበቁን ረስቶ ብድግ አለና ዳቦው የሚጋገርበትን ድስት ከእሳቱ አወረደ። ቄሱ የባርትሊን በዱቄት የነጡ እጆች፣ ቀጥሎም በእጃቸው የቀረውን ቁራሽ አዩ።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፣" አለች ዲሊያ። "በዚያ አርባ ቀን ለዮሴፍ ምሳ የሚሠራለት ማን ነበር?"