በቀይ ቀለም የተጻፈው የገነት ክትፎ

ገነት እምቢ ካለች አለች ነው። የዲላ ከተማ ይህን ያወቀችው ገነት ገና ኮረዳ ሳለች ነው። መምህር አባቷ «ልጄን ለሾፌር አልድርም» ቢሉ፣ «አይዳሩኝ፤ ራሴ እሄዳለሁ» ብላ ከኮንጋና ከባንኮ ጎቲቲ ገጠሮች በአይሱዙ ቡና የሚያመላልሰውን አምሃን አገባች። ኋላም መናኸሪያው አጠገብ ክትፎ ቤት ልክፈት ስትል «ሴት ልጅ ከሥጋ ምን አላት? ቢላውን ማን ሊይዝልሽ?» ያላት ብዙ ነበር። ቢላውን ራሷ ያዘች። ያኔ የሳቁባት ሁሉ ዛሬ ምሳቸውን የሚበሉት እሷ ዘንድ ነው፤ እሷም ደስ ባላት ቀን ታስታውሳቸዋለች።

ይህች ሴት በአንድ ነገር ብቻ ተሸንፋ ነበር፤ በባሏ አፍ። አምሃ ስኳር አለበት። አምና እግሩ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ አንድ ጣቱ ተቆረጠ። ሐኪሙም ገነትን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «አመጋገቡን ካላስተካከለ የሚቀጥለው እግሩ ነው» አላት። ቤት ውስጥ ለክታ ያቀረበችለትን እንደ ጨዋ ልጅ ይበላል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ከዘራውን ይዞ ምግብ ቤቷ ይመጣና ከጓደኞቹ ትሪ ዳር ቁጭ ይላል። ስትቆጣው መልሱ አንድ ነው፤ «እኔ መች በላሁ? አጎረሱኝ እንጂ!» ሰው ያጎረሰው ሆድ የማይገባ ይመስል።

ልጃቸው ናፍቆት እዚያው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምግብ ታጠናለች። አንድ ቀን ስለ ካሎሪ ስታወራ፣ ምግብ ለሰውነት የሚሰጠው የኃይል መጠን እንደሆነና በሌላ አገር ምግብ ቤቶች ከዋጋው ጎን እንደሚጽፉት ስትናገር፣ ገነት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«የኛንም አስይልኝ።»

«እማዬ፣ ግምት ነው የሚሆነው። ደግሞ ለአባዬ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ የምግቡም ዓይነት…»

«ግምቱ ይበቃኛል። አይቶ ይደንግጥ።»

«ታዲያ ለእሱ ብቻ ለምን አትጽፊለትም?»

«ለእሱ ብቻ ብጽፍ በሽተኛ ተባልኩ ብሎ ያፍራል። ለሁሉም ከተጻፈ ማን ያፍራል?»

በሳምንቱ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ። ጎመን በቆጮ አራት መቶ ካሎሪ፤ ሽሮ ስድስት መቶ፤ ከቡሌ በሚመጣ ቅቤ የሚርሰው ስፔሻል ክትፎ፣ ከነአይቡ ከነቆጮው፣ አንድ ሺህ አራት መቶ። ይህን የመጨረሻውን በቀይ ቀለም አጻፈችው፤ እንዲያስፈራ።

ማንን ሊያስፈራ! መጀመሪያ የቡና ጫኞች ገቡ። ቁጥሩ ምንድን ነው ብለው አስተናጋጇን ጠየቁ፤ የኃይል መጠን ነው አለቻቸው። «እንዲህ ነው እንጂ! ቀዩን አምጪልን!» አሉ። ቀጥለው የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጡና ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ማዘር፣ ከዚህ የሚበልጥ የለም?» አሉ። ስፔሻል ክትፎው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልቅ ጀመር። ማዶ ያለው ምግብ ቤት እንኳ ቀንቶ፣ አንዳች ነገር ሳያሰላ፣ ጥብሱ ላይ ሁለት ሺህ ብሎ ጻፈበት። ከተማው ሁሉ የገነትን የንግድ ብልሃት አደነቀ።

ገነት ግን ከንፈሯን ነክሳለች። ወንድይራድ የሚባል የአምሃ የሾፌርነት ዘመን ወዳጅ አለ፤ አሁን የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ደግ ነው፤ ጣጣው ደግነቱ ነው። ቀዩን ቁጥር ካየ ወዲህ «ወንድሜ ከስቷል፣ ኃይል ያስፈልገዋል» እያለ በየቀኑ ስፔሻል ያዛል፤ ያጎርሰዋል። ባሏን ታድንበት ዘንድ የሰቀለችው ሰሌዳ ባሏን ይጨርስባት ጀመር። ጎረቤቶቿም «አውርጂው» አሏት። እምቢ አለች። የተጻፈው እውነት ነው፤ ሰው አገላብጦ ቢያነበው ሰሌዳው ምን አጠፋ?

ሐሙስ ምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ ከጓዳ ወጣችና ወንድይራድ ካዘዘው ትሪ ጎን ለአምሃ ብቻ አንድ ሳህን አስቀመጠች፤ ጎመን፣ ትንሽ ቀይ ሥጋ፣ ቁራጭ ቆጮ። ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ አየ። ሰው ከወዳጁ ትሪ ተለይቶ የሚበላው ወይ ሲጣላ ነው ወይ ሲናቅ።

«ምነው ገኒ፣» አለ ወንድይራድ ፊቱ ቀልቶ፣ «ከኔ ማዕድ ትለይዋለሽ? ምን በደልኩሽ?»

«እየገደልክብኝ ነው።»

«እኔ? እኔ አጎረስኩት እንጂ!»

ለክርክርም ጊዜ አላጠፋ። ከክትፎው ዛቅ አድርጎ በቆጮ ጠቀለለና የሕፃን ጡጫ የሚያህል ጉርሻ በሳህኑ ላይ አሻግሮ ዘረጋ። «በሞቴ!» አለ።

በሞቴ ከተባለ እምቢ አይባልም። አምሃ ሚስቱን ቀና ብሎ አየ፤ አፈረ፤ ቢሆንም አፉን ከፈተ።

ይሄኔ ገነት ጎንበስ አለችና ጉርሻውን በገዛ አፏ ተቀበለችው።

ባለትዳር ሴት፣ በሰው ፊት፣ ያልተዘረጋላትን ጉርሻ ከባሏ ወዳጅ እጅ! አንዱን ተመጋቢ ትን አለው። እሷ ግን ሳትቸኩል አላመጠች፤ አገጯ ላይ የወረደውን ቅቤ በሽርጧ ጠረገች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፤» አለች። «ድገመኝ።»

ወንድይራድ ምን ያድርግ? ደገማት። ሁለተኛውንም ዋጠች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ከዛሬ ጀምሮ ለእሱ የምትዘረጋው ሁሉ የሚገባው እኔ አፍ ነው። ነገም እዚሁ ቆሜ እበላለሁ። እኔ ስፈነዳ ያኔ ታጎርሰዋለህ። እግሩን ሲቆርጡት በር ላይ ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። ፈርቻለሁ፣ ወንድይራድ! ገባህ? ፈርቻለሁ!»

ከዚያ ቀን በፊት ገነት ፈራሁ ስትል የሰማ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ወንድይራድ ሳያስበው ጠቅልሎ የያዘው ሦስተኛ ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። አምሃ የወዳጁን እጅ ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ትሪው መለሰው።

«በሞቴ ትለኛለህ፤» አለው። «የምሞተው ግን እኔ ነኝ።»

ከዚያም ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።

ወንድይራድ ክትፎውን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ የአምሃን ሳህን አየ። ትሪውን ገፋ አደረገው።

«ለኔም እንደሱ ያለ ሳህን አምጪልኝ።»

«አንተ ምን ሆነህ? ጤነኛ ነህ እኮ።»

«ታዲያ ብቻውን ይብላ?»

ገነት ዓይኗን በሽርጧ ጠራረገችና ወደ ጓዳ ዞረች። «ሰሌዳው ግን አይወርድም!» አለች በሩ ላይ ስትደርስ፣ ማንም ሳይጠይቃት።