የበግ ዓይን ፍለጋ

ልጄ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው የበግን ኮርኒያ ነው። ኮርኒያ ማለት ከዓይን ፊት ለፊት ያለው፣ እንደ መስታወት የጠራ ስስ ሽፋን ነው። በጣም በስሱ ትቆርጠውና ቀለም ውስጥ ነክራ በማይክሮስኮፕ ታየዋለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይህን ያወቅሁት እሷ ደጋግማ ስለነገረችኝ ነው።

ከቄራ የምታመጣው ዓይን ላብራቶሪ እስኪደርስ እየደፈረሰ አስቸገራት። መምህሯም "እስከ ዓርብ ጥሩ ናሙና ካላሳየሽኝ ርዕስ ቀይሪ" አሏት። የዓመት ልፋቷ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ያን ማታ እራት አልበላችም፣ እኔም አልበላሁም። እኔ እንኳን ለዚህ፣ ታክሲ ሲዘገይባትም እህል አይወርድልኝም።

"እኔ ከሰፈር አመጣልሻለሁ" አልኳት።

አንዋር መስጊድ አካባቢ አቡጀዲ እሸጣለሁ። ከሱቄ ጀርባ በየጠዋቱ በግ የሚያርዱ ሽማግሌ አሉ። ሥጋ የምገዛው ከሳቸው ነው፤ ዓይን ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። ሴት የበግ ዓይን ስትጠይቅ ሰው ምን እንደሚል ስለማውቅ ደንበኞቹ እስኪሄዱ ጥግ ይዤ ቆየሁ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ዓይኑን ብቻ ነበር የፈለግኩት።"

ቢላቸውን አስቀመጡ። "እህቴ፣ የትኛው ጠንቋይ ነው የላከሽ?"

"ጠንቋይ አይደለም፣ ልጄ ናት። ለዩኒቨርስቲ ነው።"

"ዩኒቨርስቲ ዓይን መብላት ጀመረ?"

በጉን የሚገፈው ሰውዬ ሳቀ። ላብ በላብ ሆኜ አስረዳኋቸው። ሲገባቸው ሁለቱንም ዓይኖች ሳይጎዱ አውጥተው ሰጡኝ።

ልጄ "ንጹሕ ይሁን" ብላኛለች። እኔም ቤት ወስጄ ልክ እንደ ዶሮ በጨውና በሎሚ አጠብኳቸው። እንደ ውሃ የጠራው ነገር እጄ ላይ እንዳለ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጣ።

ልጄ መጥታ ሳህኑን አየችው።

"እማዬ፣ በምን አጠብሽው?"

"በሎሚ።"

"ዶሮ አይደለም እኮ" አለችና ሳቋ አመለጣት፤ ሳትጨርሰው ግን እንባዋ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኑ እንዳይበላሽ የሚያቆየውን መድኃኒት በብልቃጥ ይዛ አብራኝ መጣች። ሽማግሌው ገና ሲያዩን "የትናንቱን በላችሁት እንዴ?" አሉ።

"በሎሚ አጣፍጠነው" አለች ልጄ።

"ለዛሬውማ በርበሬ ልጨምርላችሁ።"

በጉ እንደታረደ እዚያው ቆማ ኮርኒያውን በትንሽ መቀስ ቆረጠችና መድኃኒቱ ውስጥ ከተተችው። እኔ ሰው እንዳይገፋት ከኋላዋ ቆሜ እጆቼን ዘርግቼ ነበር።

ዓርብ ላብራቶሪ ወሰደችኝ። ምንም እንዳልነካ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አልኩ። ከላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች ተጠጋግተው ተደርድረዋል። ከሥራቸው ሮዝ ክሮች፣ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ፣ አንድም ሳይዛነፍ። ከታች ደግሞ አንድ ቀጭን ረድፍ አለ።

"ይሄማ የተደራረበ ጣቃ ነው" አልኩ።

"አዎ እማዬ። ብርሃን የሚያልፈው ክሮቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ ነው። ሥርዓቱ ከተበላሸ ይነጣል።"

"በሎሚ ያበላሸሁት ይሄንን ነው?"

"እሱኑ ነው።"

መምህሯ መጡና አጎንብሰው ማየት ጀመሩ። ረጅም ጊዜ አዩ። እኔ ፊታቸው ስላልታየኝ ማጅራታቸውን እያየሁ ጸሎት ላይ ነበርኩ።

"ስፈልገው የነበረው ይሄን ነው" አሉ ቀና ብለው። "በዚሁ ርዕስሽ ቀጥይ።"

ልጄ ጨዋ ሆና "አመሰግናለሁ" አለች፤ በጠረጴዛው ሥር ግን እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው።

ስመለስ ታክሲው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ። ሌላ ቀን ቢሆን ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ዝም እላለሁ። ያን ቀን አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት፣ ሳትጠይቀኝ፣ "ልጄ ተሳካላት" አልኳት።

"እሰይ። ምን ሆነላት?"

"የበግ ዓይን ውስጡን አሳየች።"

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ። "ምን አለው ውስጡ?"

መንገዱ እስኪከፈት አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።