በማርያም ቀን የምትመጣው ተገልጋይ

ይርጋነሽን ሰው አታምንም ቢሏት አትቀየምም። ወተት ስትገዛ ጣቷን ነክራ ካላየች አትቀበልም፤ ተማሪ «አሞኝ ቀረሁ» ሲላት የሐኪም ወረቀት ታስመጣዋለች። ቢሮዬ ከቢሮዋ አጠገብ ስለሆነ ጠባይዋን ለዓመታት ችያለሁ። ሞጣ በሚገኘው ኮሌጃችን የምክር አገልግሎት ሰልጣኞችን የተግባር ልምምድ የምታስተምረው እሷ ናት። እሷ ካልፈረመች የሚመረቅ የለም።

ዘንድሮ ዓይኗ ሐምዱ ላይ አረፈ። ሐምዱ የሞጣ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ልምምዱን የሚያደርገው ቢቸና፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ለምክር እንደምትመጣ በየሪፖርቱ ይጽፋል፤ ስም የላትም፣ ቁጥር ብቻ። ይርጋነሽ ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ቀኖቹን አሳየችኝ። ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ኅዳር ሃያ አንድ፣ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት፣ ታኅሣሥ ሃያ አንድ። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ሚካኤል፣ ማርያም።

«የእኛን በዓል አያውቅማ» አለች። «ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሚውልበት ቀን ማን ይመጣለታል? ከጭንቅላቱ አውጥቶ ነው የሞላው።»

እኔም እውነት መሰለኝ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ጠርታ የሴትየዋን ስም ጠየቀችው።

«ቲቸር፣ ለማንም አልናገርም ብያታለሁ» አላት። «ስም አሳልፋችሁ አትስጡ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

መልሱ ጥርጣሬዋን ጭራሽ አባሰው። በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም አለችው።

ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ ሳትነግረው በሚኒባስ ቢቸና ሄደች። ክትባት ከሚጠብቁ እናቶች መካከል ተቀምጣ የሐምዱን በር ስትጠብቅ አረፈደች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የሳበች ወጣት ሴት ወደ በሩ ስትጠጋ ይርጋነሽ ብድግ አለች።

«እህቴ፣ ሐምዱ ጋ ነሽ? ለምክር?»

እናቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ። «የለም፣ የእህቴን ልጅ ክትባት ልጠይቅ ብዬ ነው» አለችና በመጣችበት ተመለሰች።

ሐምዱ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። አልተቆጣም።

«ከአማቷ ጋ እንደምትኖር ጽፌ ነበር፣ ቲቸር። በሌላ ቀን ከቤት ስትወጣ ወዴት ነሽ ይሏታል፤ በበዓል ግን ቤተ ክርስቲያን ነው ብለው ዝም ይሏታል። ልጇ ከሞተ ወዲህ ስሙን የምትጠራው እዚህ ብቻ ነበር።»

ይርጋነሽ ቀኖቹን ስትመረምር ጽሑፉን በወጉ አለማንበቧ የገባት ያን ጊዜ ነው።

የካቲት ላይ የሐምዱ ሁለት ሪፖርቶች መጡ። ሁለቱም «ተገልጋይ አልመጣችም» ይላሉ። ከሥሩ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፤ ሐምዱ ባዶውን ትቶታል። ይርጋነሽ ወረቀቶቹን ይዛ ቢሮዬ ገባች። እስክሪብቶ ለመነችኝ፤ በሁለቱም ባዶ ቦታዎች ላይ የራሷን ስም ከነአባቷ ጻፈች።