ማንበብ ብቻ
መርሳ ላይ የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እትዬ ዘውዴ ስካን ያደረጉትን የተማሪ ውጤት ሁሉ የድረ ገጹ ሰርቨር ላይ ልጫን ቢሉኝ፣ «አንቱ ፎልደሩን ያበላሹብኛል፤ ማንበብ ብቻ ይበቃዎታል። መጫኑን ለእኔ ይተዉት» ብዬ ከለከልኳቸው። ምን ነክቶኝ ነበር! ዛሬ ነገ ስል ጦርነቱ ደረሰ፤ ቀድሜ ሸሸሁ።

ስንመለስ መዝገብ ቤቱ ከነኮምፒውተሩ ተቃጥሏል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ስለሆነ አልተነካም። ምናልባት የጫንኩት ጥቂት ካለ ብዬ፣ እሳቸው አጠገቤ እንደቆሙ ከፈትኩት። ፎልደሩ ባዶ ነው። ሰርቨሩ ግን ማን ምን እንደሞከረ ይመዘግባል፤ ሕዝቡ በሸሸበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ በእትዬ ዘውዴ ስም «መጫን አልተፈቀደም፣ መጫን አልተፈቀደም» ይላል። አፍሬ ላፕቶፑን ልከድነው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ፤ ማንበቡንማ ፈቅደህልኛል።»