ለእማማ የጠየቅኩት ሽልማት

ኢሜይሉ ሲደርሰኝ ኦክላንድ ውስጥ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ቫኔን አቁሜ ታካሚ እየጠበቅኩ ነበር። "እንኳን ደስ አለዎት! ድርጅትዎ ለአገር አቀፉ የማይኖሪቲ ቢዝነስ ሽልማት ተጠቁሟል" ይላል። አጭበርባሪዎች መስለውኝ ደለት አደረግኩት። ከሰዓት በኋላ ለልጄ በስልክ ሳጫውታት ጮኸችብኝ።

"እማዬ! ደለት አደረግሽው? እኔ እኮ ነኝ ኖሚኔት ያደረግኩሽ!"

ልጄ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሳን ሆዜ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ትሠራለች። አማርኛ በደንብ ትሰማለች። ስትናደድና ስትደሰት ግን የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ተናዳም ተደስታም ስለነበር ግማሹን እንኳን አልያዝኩላትም።

ኢሜይሉ ድርጅት ያለው አራት ቫን ነው። ዊልቸር የሚጫንባቸው ቫኖች ናቸው፤ አረጋውያንንና ሕመምተኞችን ከቤት ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ቤት እናመላልስባቸዋለን። ሦስት ሹፌሮች አሉኝ፤ አራተኛዋ እኔው ነኝ። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የሚሄዱ ስለሆኑ አንድ ቀን ብንቀርባቸው ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ቅዳሜ ልጄ ቤት መጥታ ላፕቶፗን ከፈተችና ፎርሙን ታነብልኝ ጀመር። ገና ከመጀመሪያው ድርጅቱ የየትኛው ማይኖሪቲ ንብረት እንደሆነ ይጠይቃል። በአማርኛ አናሳ መሆኑ ነው። ቃሉን ስሰማው የሚመጣብኝ ማነስ ነው። ከአገሬ ስወጣ ብዙ ነገር ጎድሎኝ ይሆናል እንጂ አንሼ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳት። ሳቀችና አንዷ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋ አለፈች።

"ቢዝነሱን እንዴት ጀመርሽ ይላል። ስደተኛ ካምፕ የነበርሽበትን ጊዜ እንጻፍ፤ ዳኞቹ ይወዱታል።"

"ካምፑ ምን አደረገልኝ? ሥራ ያስጀመረኝ ካምፑ አይደለም።"

"ታዲያ ማን ነው ያስጀመረሽ?"

"እማማ ናቸዋ።"

እማማ የምላቸው ዌስት ኦክላንድ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ሲሆኑ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እንግሊዝኛ "እርስዎ" የለውም፤ እንደዚህ ያሉ ትልቅ ሰው ፊት ቆሜ በስማቸው መጥራት ደግሞ አፌ እሺ አላለኝም። እማማ ማለት ምን እንደሆነ ስነግራቸው፣ "ይሁን። የወለድኳቸውም እንዲህ ባከበሩኝ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ሆኑ።

ያገኘኋቸው በአፕ እየተጠራሁ በራሴ መኪና ሰው በማደርስበት ዘመን ነው። አንድ ቀን እኩለ ቀን አካባቢ አንዲት ነርስ ኩላሊት እጥበት ክሊኒክ በር ላይ ሳወርድ፣ ግድግዳ ሥር ዊልቸር ላይ የተቀመጡ አሮጊት አየሁ። ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ሳልፍ እዚያው ናቸው። ሌላ ተሳፋሪ አድርሼ ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ማንም ጠርቶኝ አይደለም፤ መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ።

"የሚወስደኝ ቫን ረስቶኛል" አሉኝ፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

"ከተቀመጡ ስንት ሰዓት ሆነዎት?"

"ሦስት።"

በብብታቸው ደግፌ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ዊልቸራቸውን አጥፌ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ከተትኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ፣ "ይህን ነገር ለምን ሥራዬ ብለሽ አትይዢውም?" አሉኝ።

"የቱን?"

"ሰው አለመርሳቱን።"

የቀልድ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ግን ደወሉልኝ። ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ቢሮ እንደሚሰጥ፣ የት እንደምሠለጥን ሁሉ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጽፈው አስቀምጠውልኛል። የፈቃዱ ቢሮ ስሄድ ካልመጣሁ ብለው ጎኔ ተቀመጡ። የመጀመሪያዋን ቫን ይዤ ክሊኒኮች ጋ መደወል ስጀምር ደግሞ ከኋላ ወንበር ሆነው ያዳምጡኝ ነበር። እማማ የሚታጠቡበት ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ "አመላላሽ ድርጅት አለን" ብሎ ስልኩን ሲዘጋብኝ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

"ሶሪ ብለሽ ነው የጀመርሽው። ምን አጥፍተሽ ነው?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ሶሪ አትበይ። ስምሽን ንገሪው፣ የምትሠሪውን ንገሪው፣ ከዚያ ዝም በይ።"

ከሁሉም የከበደኝ ዝም ማለቱ ነበር። ወር ሳይሞላ ግን ያው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ደወለልኝ። ለካ እማማ እጥበት ላይ አብረዋቸው የሚቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አናግረዋቸው ነበር። እያንዳንዳቸውም ክንዳቸው ላይ መርፌ እንደተሰካ፣ "እኔ መሄድ የምፈልገው ከኢትዮጵያዊቷ ጋር ነው" ብለውታል።

ከዚህ ሁሉ እማማ ያደረጉልኝን ብቻ ስነግራት፣ ልጄ መጻፏን አቁማ ስክሪኑን ወደ ታች ትገፋ ጀመር። "ቆይ፣ ሌላም ሽልማት አለ" አለችኝ። ማይኖሪቲ ቢዝነሶችን ለሚደግፉ የሚሰጥ ነው። የቀድሞ ተሸላሚዎችን ፎቶ አሳየችኝ። ሁሉም ሙሉ ልብስ የለበሱ የባንክና የትልልቅ ድርጅት ኃላፊዎች ናቸው።

"እማማን እዚህ እናስገባቸው" አልኳት።

በማግስቱ እማማን ሳማክራቸው ግንባራቸውን ቋጠሩ። "እኔ ምን አደረግኩና? ደግሞ ይህ ማይኖሪቲ የሚሉት ነገር አይገባኝም። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ሳድል ማይኖሪቲ የሚባል ሰው አልገጠመኝም። የገጠሙኝ በራቸው ላይ ቁጥር ያላቸው ሰዎች ናቸው።" ቆይተው ደግሞ፣ "ምሳ አለው?" ብለው ጠየቁ። አለው ስላቸው እሺ አሉ።

ፎርሙን ከላክን በኋላ ከሽልማቱ ኮሚቴ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ትሕትናዋ ጥሩ ነው። "ደጋፊ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ተቋም ማለታችን ነው። እኚህ ሴት የምን ኃላፊ ናቸው?" አለችኝ። ሶሪ ልል አፌ ተከፍቶ ነበር፤ መለስኩት። ስሜን ነገርኳት፤ ምን እንደምሠራ ነገርኳት፤ እማማ ባይኖሩ ያ ክሊኒክ በሩን እንደማይከፍትልኝ ነገርኳትና ዝም አልኩ። በስልኩ ወዲያ ማዶ ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ "ይህንኑ በደብዳቤ ይጽፉልናል?" አለችኝ።

የጻፍኩት በአማርኛ ነው፤ የልቤን በሌላ ቋንቋ መጻፍ አልችልም። ልጄ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል እኔ ጮክ ብዬ እያነበብኩ እሷ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች ትተይባለች። ክሊኒኩ በር ላይ የሆነው ጋ ስንደርስ ጣቷ ቆመ።

"ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሰሽ ሄድሽ? ማንም ሳይጠራሽ?" በአማርኛ ነበር የጠየቀችኝ።

"አዎ።"

"ነግረሽኝ አታውቂም።"

እውነቷን ነው። ለልጄ የነገርኳት ድካሙን ነበር። ቶሎ ቶሎ ዓይኗን ጠርጋ መተየቧን ቀጠለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሁለታችንም ስም ከመጨረሻዎቹ እጩዎች ጋር ወጣ፤ የእኔ በቢዝነስ፣ የእማማ በደጋፊ።

የዘንድሮው ሥነ ሥርዓት ሳን ሆዜ አንድ ሆቴል ውስጥ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ሐሙስ የእማማ የእጥበት ቀን ነው፤ ክሊኒኩ ወደ ረቡዕ አዛወረላቸው። የነዱት ጋሼ ናቸው፤ ከሹፌሮቼ በዕድሜ ትልቁ። ድሮ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ይጭኑ ነበር፤ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ወደ እኔ መጡ። ያን ቀን ከረባት አሥረዋል። እማማ ወይን ጠጅ ባርኔጣ አድርገው ኋላ ተቀምጠዋል። ከእጥበት ማግስት ስለሆነ ፊታቸው ገርጥቷል፤ ግን መንገዱን ሁሉ የዱሮ አለቃቸውን ሲያሙ ነበር።

በሥራዬ ምክንያት አዲስ ቦታ ስገባ ከሰው ፊት በፊት ወለሉን ነው የማየው። አዳራሹ እንደገባን መድረኩን አየሁት። ከጉልበቴ ብዙም የማይበልጥ ቢሆንም በሦስት ደረጃ ካልሆነ በቀር መውጫ የለውም። ከተጠቋሚዎቹ አንዷ በዊልቸር እንደምትመጣ ጽፈን ነበር፤ መግቢያውን እንጂ መድረኩን ያሰበ አልነበረም። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ አስተናጋጅ ጠርቼ ጠየቅኩት።

"ችግር የለም። ካሸነፉ ሽልማቱን ወርደን እንሰጣቸዋለን" አለኝ።

ለእማማ ነገርኳቸው። "ሌሎቹስ?" አሉ።

"ሌሎቹ ይወጣሉ።"

"እንግዲያው እኔም እወጣለሁ። ካላሸነፍኩ ደግሞ እዚሁ ቁጭ ብዬ ኬኬን እበላለሁ።"

ጋሼን ቀና ብዬ አየኋቸው። "ረጅሙን ራምፕ ላምጣው እንዴ?" አሉኝ። ቤታቸው ደረጃ ላለባቸው ሰዎች የምንዘረጋውን፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፈውን ብረት ማለታቸው ነው። ጥቂት ቆይተው ከረባታቸው ትከሻቸው ላይ ዞሮ፣ ከአንድ የሆቴል ሠራተኛ ጋር ተጋግዘው ራምፑን በእንግዶቹ መሐል ይዘው ገቡ። ያ አስተናጋጅ እየሮጠ መጣ። አይፈቀድም፣ ኢንሹራንስ ምናምን ማለት ጀመረ። ልጄ ተነስታ ወደ ጎን ወሰደችው። በፈጣንና በለስላሳ እንግሊዝኛ ምን እንዳለችው እስካሁን አላውቅም፤ የዝግጅቱን ኃላፊ ይዞ ተመለሰ። ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ራምፑን አዩ፣ እማማን አዩ።

"ክብደታቸውን ይችላል?" ብለው ጠየቁኝ።

"በየቀኑ የምንዘረጋው እኮ ነው።"

ጎንበስ ብለው በአንደኛው ጫፍ ያዙልን።

የቢዝነሱ ሽልማት ቀደመ። ስሜ አልተጠራም። ያሸነፉት እዚያው ሳን ሆዜ ቶርቲያ፣ የሜክሲኮውን ቂጣ፣ የሚጋግሩ ቤተሰብ ናቸው። ምንም አልመሰለኝም ብል ውሸት ነው። ነገር ግን የቤተሰቡ አባት መድረክ ላይ ወጥተው ልጆቻቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ ሳይ እጄ ሳላዘው ማጨብጨብ ጀመረ።

ቀጥሎ የደጋፊ ሽልማት ተባለና የእማማ ስም ተጠራ።

ዊልቸሩን ከኋላ የገፋሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ ከጎን ሆነው ይጠብቃሉ። ጎማው ብረቱን ሲነካ ያ የማውቀው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ሰው ከየጠረጴዛው ይነሳ ጀመር። እማማ የመስታወቱን ሽልማት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ማይክሮፎኑን ተቀበሉ።

"ይህች ልጅ አገኘኋቸው እያለች ታወራለች" አሉ፤ በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ። "ሠላሳ ዓመት ሰው ፈልጎ ማግኘት ሥራዬ ነበር። ያገኘኋት እኔ ነኝ።" ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና፣ "ለከርሞ የራሳችሁን ራምፕ ሥሩ። ይሄኛው ነገ ጠዋት ሥራ አለው" ብለው ማይክሮፎኑን መለሱ።

ምሳው ሲያልቅ እኔ ራምፑን ሳጣጥፍ አንዲት ሴት አጠገቤ መጥታ ቆመች። ኮንኮርድ ውስጥ ክሊኒክ እንደምታስተዳድርና ታካሚዎቿ በየጊዜው ቀጠሮ እንደሚያልፋቸው ነገረችኝ። ስሜን ነገርኳት፤ የምሠራውን እንኳን መናገር አላስፈለገኝም፤ በእጄ ይዤዋለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ከእነሱ ጋር ተፈራረምን። አሁን ቫኖቹ አምስት ናቸው፤ ጋሼ በወገባቸው ምክንያት ማታ ማታ እያቃሰቱም ቢሆን አዲሷን ለሌላ ሰው አልሰጥም ብለው ይዘዋታል።

ኮሚቴውም ጻፈልን፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ደጋፊ ተብሎ የሚጠቆመው ሰው የግድ የተቋም ኃላፊ መሆን እንደማያስፈልገው በፎርሙ ላይ አስገብተውታል። ይህን ለእማማ ባነበብኩላቸው ማግስት ከእጥበት ስንመልሳቸው፣ "ወረቀት አለሽ?" አሉኝ። ጋሼ ይነዳሉ፤ እኔ ከእማማ ጎን ነኝ።

"ለምን?"

"ሰው ልጠቁም ነው። ጥጉ ላይ ሱቅ ያለው የመናዊ። መግቢያው ላይ የነበረውን ደረጃ እኔ ሳልጠይቀው አፍርሶ በሲሚንቶ አስተካከለው። ከእኔ ሌላ በዚያ በር በዊልቸር የሚገባ ሰው አልነበረም፤ አሁን አራት ነን። ጻፊ።"

አንድ ፖስታ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። እማማ እንደ ዳኛ ቃል በቃል ያስጽፉኛል፤ ያስሰርዙኛል፤ "ደግ ሰው" የሚለውን አስወጥተው "ሠራተኛ ሰው" አስገቡ። ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነበርን። ጋሼ በመስታወቱ አዩንና ፍሬቻ አብርተው ሰፈሩን አንድ ዙር ለመዞር መኪናውን አዞሩት።